የአንድ ወንዝ ልጆች የሆኑ ዓምዶች፦ የመረጃ ቋት ግምት ስለምን ይስታል?

የመረጃ ቋት፣ በተለምዶ ዳታቤዝ የምንለው፣ ጥያቄ በቀረበለት ጊዜ ወዲያውኑ መልስ ፍለጋ አይነሣም። አስቀድሞ ያቅዳል። የትኛውን ሠንጠረዥ በቅድሚያ ልክፈት? በማውጫ ልግባ ወይስ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ላንብብ? ሁለቱን ሠንጠረዦች በየትኛው ዘዴ ላገናኛቸው? ይህን የሚወስነው የሶፍትዌሩ ክፍል በዚህ ጽሑፍ ዐቃጅ ይባላል። ዐቃጁ ሥራውን የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ በጥቂት የሰከንድ ሺኛ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ውሳኔው ግን በሰከንዶች የሚያልቀውን ሥራ የሰዓታት ሊያደርገው ይችላል።

ዐቃጁ የሚመራው በግምት ነው። ሠንጠረዡን አንብቦ ሳይጨርስ «ይህን መስፈርት የሚያሟሉት ረድፎች ስንት ይሆናሉ?» የሚለውን መገመት አለበት። ግምቱ ከእውነቱ በእጥፍ ቢለይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በመቶ እጥፍ ቢለይ ግን መንገዱን ይስታል። ግምት የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። እዚህ የምንመለከተው ግን አንዱን፣ ምናልባትም ዋነኛውን ነው፦ ዓምዶች እርስ በርሳቸው የተዛመዱ ሲሆኑ የሚፈጠረውን ስሕተት። አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ዳታቤዝ መጻፉ አንባቢውን አያስደንቀው። የነገሩ ሥር ያለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማረው የፕሮባቢሊቲ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፉ ደግሞ በደጋና በቆላ፣ በወረዳና በቀበሌ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

ማባዛት የሚፈቀደው መቼ ነው?

ሳንቲምና ዛር በአንድ ጊዜ ብንወረውር ሳንቲሙ «ዘውድ»፣ ዛሩ ደግሞ 6 የመሆን ዕድላቸው 1/2 × 1/6 = 1/12 ነው። ማባዛት የቻልነው ሳንቲሙ ስለ ዛሩ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ እናንሣ። ከዓመቱ ቀናት አንዱን በዕጣ ብናወጣ ቀኑ የሐምሌ ቀን የመሆን ዕድሉ 30/365 ነው። በጎንደር ከተማ ዝናብ የዘነበበት ቀን የመሆን ዕድሉም የራሱ ቁጥር አለው። «የሐምሌ ቀን ነው፤ ዝናብም ዘንቦበታል» ለሚለው ሁለቱን ብናባዛ ግን የክረምትን ትርጉም የማያውቅ ሰው መልስ ሰጠን ማለት ነው። ትክክለኛው ሕግ የመጀመሪያውን ዕድል የሚያባዛው በሁለተኛው ዕድል ሳይሆን፣ መጀመሪያው መፈጸሙ ከታወቀ በኋላ በሚኖረው የሁለተኛው ዕድል ነው። ቀኑ በሐምሌ ውስጥ መሆኑ ከታወቀ የዝናቡ ዕድል ከዓመቱ አማካይ እጅግ ከፍ ይላል።

የዳታቤዝ ዐቃጅ የሐምሌን ነገር አያውቅም። ስለ እያንዳንዱ ዓምድ ለየብቻ መልካም ዕውቀት አለው፦ ስንት የተለያዩ እሴቶች እንዳሉ፣ የትኞቹ እንደሚደጋገሙ፣ የቀሩት በሂስቶግራም እንዴት እንደሚሰራጩ። ስለ ሁለት ዓምዶች በአንድነት ግን ካልነገሩት በቀር አንዳች ነገር አያውቅም፤ ስለዚህ ያባዛል። ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፓትሪሺያ ሰሊንጀርና የሥራ ባልደረቦቿ በአይ ቢ ኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ የሠሩትን የሲስተም አር ዐቃጅ ባስተዋወቁበት ጽሑፍ፣ በ«እና» የተያያዙ መስፈርቶች ድርሻ እንደሚባዛና ይህም የዓምዶቹ እሴቶች አንዱ ከሌላው ነጻ መሆናቸውን እንደሚያስቀድም በግልጽ አስፍረዋል። በዚያው ጽሑፍ፣ ስለ አንድ ዓምድ ምንም መረጃ ከሌለ «እኩል ነው» የሚለው መስፈርት ከረድፎቹ አንድ አሥረኛውን ያሳልፋል ተብሎ ይገመታል። ዛሬ የምንገለገልባቸው አብዛኞቹ ዳታቤዞች የዚያ ሥራ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ የማባዛቱን ልማድም ወርሰዋል።

ታዲያ ለምን የሁሉንም ዓምዶች ዝምድና አስቀድሞ መዝግቦ አያስቀምጥም? ቁጥሩን እንመልከት። ሠንጠረዡ 20 ዓምዶች ቢኖሩትና እያንዳንዱን በ100 ክፍሎች ብንከፍለው ለየብቻ የሚያስፈልጉን 2000 ቁጥሮች ናቸው። ጥንድ ጥንድ አድርገን ብንመዘግብ 190 ጥንዶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ 10,000 ክፍሎች ስላሉት በድምሩ 1.9 ሚሊዮን ቁጥሮች ይሆናሉ። ሃያውንም በአንድነት ብንል ግን 1 ተጽፎ 40 ዜሮዎች የሚከተሉት ቁጥር ይመጣል። ይህን የሚይዝ ዲስክ በምድር ላይ የለም። እኛ የፊዚክስ ሰዎችም በዚህ ነገር ዳታቤዝ ሠሪዎችን ልንወቅስ አንችልም። ቦልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1872 የጋዝን ባሕርይ ሲቀምር፣ ሊጋጩ የተቃረቡ ሁለት ሞለኪውሎች ፍጥነታቸው አንዱ ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ተነሥቷል፤ ያለዚያ ስሌቱ አይነካም ነበር። ልዩነቱ፣ በተራ ጋዝ ውስጥ ይህ ታሳቢ በእጅጉ ለእውነት የቀረበ መሆኑ ነው። በሰው፣ በመሬትና በአስተዳደር መዝገብ ውስጥ ግን አይደለም።

ከሕዝብ ቆጠራ የተገኘ ማስረጃ

የሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ቆጠራው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ሆኖ ተመዝግቧል። በሶማሌ ክልል የተቆጠረው ሕዝብ ወደ 4.4 ሚሊዮን፣ ይኸውም ከጠቅላላው 6% ያህል ነበር። በአፍ መፍቻነት ሶማልኛ የሚናገሩትም በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 4.6 ሚሊዮን፣ እንዲሁ 6% ያህል ነበሩ።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ የሆነበት ሠንጠረዥ አለን እንበል። «ክልሉ ሶማሌ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሶማልኛ የሆነ» ብለን ስንጠይቅ ዐቃጁ 6%ን በ6% አባዝቶ 0.36% ያገኛል፤ ይህም ወደ 266,000 ሰው ነው። እውነቱስ? ከክልሉ ነዋሪ ከ100 ከ95 የሚበልጠው ሶማልኛ ተናጋሪ ስለሆነ መልሱ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። ግምቱ ከ15 እጥፍ በላይ አንሷል።

ስሕተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫም ይሄዳል። የአማራ ክልል ሕዝብ በዚያው ቆጠራ 17.2 ሚሊዮን፣ ማለትም ከጠቅላላው 23% ያህል ነበር። «ክልሉ አማራ፣ ቋንቋው ሶማልኛ» ለሚለው ማባዛቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሰጠናል። ነገር ግን ከ4.6 ሚሊዮኑ ተናጋሪ ከ4.2 ሚሊዮን የሚበልጠው በሶማሌ ክልል ስለሚገኝ፣ ለቀረው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ የሚተርፈው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ተዛምዶ ግምትን ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። አብረው የሚሄዱ እሴቶችን ስንጠይቅ ግምቱ ያንሳል፤ የማይገናኙትን ስንጠይቅ ይበዛል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚጎዳን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚጠይቀው በአብዛኛው በእውነት ስላለ ነገር ነው።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መንገድ

አሁን ከአገር ወደ ሰሜን ጎንደር እንምጣና ስሕተቱ በሰዓት ሲለካ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናስላ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ምሳሌዎች እንጂ ከቆጠራ የተወሰዱ አይደሉም። አንድ ሚሊዮን ቤተሰቦች የተመዘገቡበት ሠንጠረዥ አለን፤ ከዓምዶቹ ሦስቱ ዞን፣ ወረዳና ከተማ ናቸው። የሰሜን ጎንደር ዞን ከረድፎቹ 25%፣ የጃናሞራ ወረዳ 5%፣ የመካነ ብርሃን ከተማ 1% ይይዛሉ እንበል። ሌላ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ደግሞ ለእነዚሁ ቤተሰቦች የተደረጉ የጤና ጉብኝቶችን ይዟል፤ መጠኑም 500 ሜጋባይት ነው።

አንድ ባለሙያ የመካነ ብርሃንን ቤተሰቦች ከነጉብኝታቸው ይፈልጋል። ከተማውን ብቻ ቢጠቅስ ዐቃጁ 10,000 ረድፍ ብሎ በትክክል ይገምታል። ጠንቃቃው ባለሙያችን ግን «ዞኑ ሰሜን ጎንደር፣ ወረዳው ጃናሞራ፣ ከተማው መካነ ብርሃን» ብሎ አሟልቶ ይጽፋል። መልሱ አንዲት ረድፍ እንኳ አልተለወጠም፤ መካነ ብርሃን የጃናሞራ ወረዳ ከተማ ናትና፣ ጃናሞራም በሰሜን ጎንደር ዞን ውስጥ ነውና። ዐቃጁ ግን 0.25 × 0.05 × 0.01 አባዝቶ ከሚሊዮኑ 125 ረድፍ ብቻ ይጠብቃል። ጥንቃቄው ግምቱን 80 ጊዜ አሳነሰው።

ቀጥሎ ሁለቱን ሠንጠረዦች ማገናኘት ይመጣል። የመጀመሪያው መንገድ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በማውጫ እየገቡ ጉብኝቱን አንድ በአንድ መፈለግ ነው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ አንድ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ለ125 ቤተሰቦች 1.25 ሰከንድ ይበቃል። ሁለተኛው መንገድ የጉብኝቱን ሠንጠረዥ በሙሉ በአንድ ጉዞ አንብቦ በማስታወሻ ውስጥ ከተዘጋጀ የቤተሰቦች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው፤ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ከሆነ 5 ሰከንድ ይወስዳል። ዐቃጁ 1.25ን ከ5 ጋር አነጻጽሮ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ በያዘው መረጃም አልተሳሳተም። ሥራው ሲጀመር ግን ቤተሰቦቹ 125 ሳይሆኑ 10,000 ሆነው ይገኛሉ። ፍለጋው 100 ሰከንድ ይፈጃል፤ አምስት ሰከንዱ መንገድ ግን ተትቷል። የማይሽከረከሩት አዲሶቹ ዲስኮች እያንዳንዱን ፍለጋ በእጅጉ ያፋጥኑታል፤ የምርጫውን ስሕተት ግን አያርሙትም፤ ሠንጠረዡ ሲያድግ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ዘገየ ብሎ አዲስ ማሽን ሲገዛና ሪፖርቱ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ሲዘገይ አይቻለሁ። ማሽኑ አልነበረም የታመመው።

መሬቱ ያዛመዳቸው

ዞንና ወረዳ የተዛመዱት በአስተዳደር ውሳኔ ነው። በተራራማ አገር ግን ተፈጥሮም ዓምዶችን ታዛምዳለች። በከባቢ አየር ውስጥ በአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከመተማ ቆላ ተነሥቶ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ እስከሚለው ራስ ደጀን ድረስ ያለው ልዩነት ከ3500 ሜትር ያላነሰ በመሆኑ፣ የሙቀቱ ልዩነት ወደ 25 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ በአንድ የግብርና መዝገብ ውስጥ «ከፍታ» እና «አማካይ ሙቀት» የሚባሉት ሁለት ዓምዶች አንዱን ነገር በሁለት አፍ የሚናገሩ ናቸው። ከረድፎቹ 10% ከ3000 ሜትር በላይ፣ 10% ደግሞ ከተወሰነ ሙቀት በታች ቢሆኑ ዐቃጁ ለሁለቱ በአንድነት 1% ይላል፤ እውነቱ ግን ወደ 10% ይቀርባል። በተቃራኒው «የአየር ንብረቱ ውርጭ፣ ሰብሉ ሰሊጥ» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዐቃጁ በልበ ሙሉነት የሆነ ቁጥር ያቀርባል፤ የትኛውም የደባርቅ ገበሬ ግን መልሱ ዜሮ መሆኑን ሳያመነታ ይነግረዋል።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሰሜን ጎንደር በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ ተቋቁሞ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በቤት ለቤት ጉብኝት ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ጣቢያው ከጎንደር የሕክምና ትምህርት ተቋም፣ ከዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነው። ወረዳው ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በአንድነት መያዙ ነው። ለተመራማሪ መልካም የሆነው ይህ ባሕርይ ለዐቃጅ ፈተና ነው። ቀበሌው ከታወቀ የአየር ንብረቱ በአብዛኛው ይታወቃል። በኢትዮጵያ የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች በመሆኑ የአየር ንብረቱ ከታወቀ ደግሞ የበሽታው ዓይነት በከፊል ይታወቃል። በሽታውም ከወሩ ጋር ይዛመዳል፤ ወባ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በመስከረምና በኅዳር መካከል ትበረታለችና። «ቆላ፣ ወባ፣ ጥቅምት» ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሦስት መስፈርት የጻፈ ይመስለዋል፤ ተፈጥሮ ግን አንድ ተኩል ያህሉን ብቻ ነው እንደ አዲስ የምትቆጥርለት። በወረርሽኝ ጊዜ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየሰዓቱ ሊቀርብ ስለሚችል መልሱ ዛሬ ወይስ ነገ ይደርሳል የሚለው ተራ ነገር አይሆንም።

እዚህ ላይ የቃል መምታታት እንዳይፈጠር አንድ ነገር ላስገንዝብ። በስታቲስቲክስ ትምህርት የምናሰላው የተዛምዶ መጠን፣ ከ−1 እስከ 1 የሚሄደው፣ የሚለካው በቀጥታ መስመር የሚገለጽ ዝምድናን ብቻ ነው። መጠኑ ዜሮ ሆኖ ሳለ ሁለት ዓምዶች በጥብቅ ሊተሳሰሩ ይችላሉ፤ የወረዳ ስም ከከተማ ስም ጋር ያለው ትስስርም በዚያ መለኪያ ጨርሶ አይሰላም። ፖስትግሬስ በተባለው ነጻ ዳታቤዝ ውስጥ ደግሞ «ኮሪሌሽን» የሚል አኃዝ በእያንዳንዱ ዓምድ ትይዩ ይታያል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ዝምድናው የተመዘገበ ይመስላቸዋል። ያ አኃዝ ግን የሚናገረው የዓምዱ እሴቶች በዲስክ ላይ በምን ያህል ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ነው፤ አንዱ ዓምድ ከሌላው ጋር ስላለው ነገር ምንም አይልም።

ስሕተት ሲዋለድ

አንድ ግምት ከተሳሳተ በእሱ ላይ የተገነባው ቀጣይ ግምትም ይሳሳታል። ቤተሰብን ከጉብኝት፣ ጉብኝትን ከቤተ ሙከራ ውጤት፣ ውጤትን ከመድኃኒት ጋር ስናገናኝ በየደረጃው አሥር እጥፍ ብንስት በሦስተኛው ደረጃ ሺህ እጥፍ ስተናል ማለት ነው። ዮአኒዲስና ክሪስቶዱላኪስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረቡት ትንታኔ ስሕተቱ የሚያድገው እንደ ሠንጠረዦቹ ቁጥር ሳይሆን ቁጥሩን ተከትሎ በተደጋጋሚ ብዜት መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቪክቶር ላይስና ባልደረቦቹ የፊልሞችን ዓለም አቀፍ መዝገብ ተጠቅመው 113 ጥያቄዎችን በተለያዩ ዳታቤዞች ላይ ፈትነዋል። የሚገናኙት ሠንጠረዦች በበዙ ቁጥር ግምቱ ከእውነቱ እየራቀ፣ በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ እየሳተ መሄዱን አገኙ፤ ያጋደለውም በአብዛኛው ወደ ማሳነስ ነበር።

በዚህ ጥናት ውስጥ ለተማሪ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ለፍጥነት ውድድር በሚዘጋጁት ሰው ሠራሽ መረጃዎች ላይ እነዚሁ ዐቃጆች መልካም ግምት ይሰጣሉ፤ መረጃውን የሚያመነጨው ፕሮግራም እሴቶችን አንዱን ከሌላው ነጻ አድርጎ የሚበትን በመሆኑ የዐቃጁ ታሳቢ እውነት ይሆናል። በእኛም የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ልምምዱ የሚሠራው በዘፈቀደ በተፈጠሩ ስሞችና ቁጥሮች ነው። በዚያ የሠለጠነ ተማሪ ይህን ችግር አንድም ቀን ሳያየው ተመርቆ ሊወጣ ይችላል። ለልምምድ የአንድ ወረዳ እውነተኛ የዝናብና የሰብል መዝገብ መጠቀም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ቀላል ዘዴ ማለዘብ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር ውስጥ በቀጥታ ማባዛትን ተወ። ትንሹን ድርሻ እንዳለ ይወስዳል፤ ሁለተኛውን ስኩዌር ሩቱን፣ ሦስተኛውን የስኩዌር ሩቱን ስኩዌር ሩት አውጥቶ ያባዛል። በመካነ ብርሃን ምሳሌያችን 0.01 × 0.224 × 0.707 ይሆናል፤ ይህም ወደ 1,580 ረድፍ ነው። ከ125 ይሻላል፤ ከ10,000 ግን ገና ሩቅ ነው። ዘዴው ዓምዶች ብዙውን ጊዜ በመጠኑ ይዛመዳሉ ከሚል አጠቃላይ ጥርጣሬ የመጣ ስለሆነ የትኞቹ እንደሚዛመዱ አያውቅም፤ በእውነት ነጻ የሆኑትንም ይበድላል።

ሁለተኛው ዘዴ ዝምድናውን ለማሽኑ መንገር ነው። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 11ኛ ትውልዱ ዓምዶችን በቡድን አድርጎ ስታቲስቲክስ መሰብሰብን ፈቀደ። ፖስትግሬስም በ2017 በወጣው 10ኛ ትውልዱ «ክሬት ስታቲስቲክስ» የሚል ትእዛዝ ጨመረ። ተጠቃሚው «እነዚህ ዓምዶች የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው» ብሎ ይጠቁማል፤ ከዚያም «አናላይዝ» በሚለው ትእዛዝ ማሽኑ ናሙና ወስዶ የጥገኝነቱን ደረጃ ይለካል፤ ናሙናው ካልቀየሩት በቀር 30,000 ረድፍ ነው። ደረጃው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው። የሁለቱ መስፈርቶች የጋራ ድርሻም እንዲህ ይሰላል፦ የከተማው ድርሻ ሲባዛ በቅንፍ፦ ደረጃው፣ ሲደመር ከ1 ደረጃው ተቀንሶ የቀረው በወረዳው ድርሻ ተባዝቶ። ደረጃው 0 ከሆነ የቀድሞው ማባዛት ይመለሳል። ደረጃው 1 ከሆነ የወረዳው መስፈርት ከስሌቱ ይወጣና የከተማው 1% ብቻ ይቀራል፤ 10,000 ረድፍ፣ ልክ እንደ እውነቱ። በሁለት ጫፎች መካከል እንዲህ ለስላሳ ድልድይ የሚዘረጋ ቀመር ማየት ለፊዚክስ ሰው ደስ ያሰኛል።

ድልድዩ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ጥገኝነቱ የሚናገረው ስለ ዓምዶቹ እንጂ ስለ እሴቶቹ አይደለም። አንድ ሰው ተሳስቶ «ከተማው መካነ ብርሃን፣ ወረዳው መተማ» ብሎ ቢጠይቅ ያው 10,000 ይገመታል፤ መልሱ ግን ዜሮ ነው። ይህን ለመድፈን በ2019 በወጣው 12ኛ ትውልድ ውስጥ አብረው በብዛት የሚገኙ የእሴት ጥምረቶችን ከነድርሻቸው የሚዘረዝር ስታቲስቲክስ ተጨመረ። የክልልና የቋንቋ ምሳሌያችን የሚፈታው በዚህኛው ነው፤ ጥምረቶቹ ጥቂት ናቸውና።

ሌላም ገደብ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ባሉ ዓምዶች መካከል ነው። የዳታቤዝ አቀራረጽ የተማረ ሰው የዞንን ስም በየቤተሰቡ ረድፍ ላይ ከመደጋገም ይልቅ በወረዳዎች ሠንጠረዥ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፈዋል፤ ልክ ነው፤ የመረጃ መዛባትን ይከላከላል። ቀድሞ አንድ የነበረው የሰሜን ጎንደር ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በተከፈለ ጊዜ እንዲህ ያቀረጸ ሰው የሚያርመው ጥቂት ረድፎችን ብቻ ነበር፤ በየቤተሰቡ ላይ የጻፈ ግን ሚሊዮኑን ረድፍ አርሞ ስታቲስቲክሱንም እንደ አዲስ መሰብሰብ ይጠበቅበታል፤ ያለዚያ ዐቃጁ በቀድሞው ካርታ መጓዙን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ዓምዶቹ በተለያዩ ሠንጠረዦች ሲለያዩ ዝምድናቸው አይጠፋም፤ ከዐቃጁ ዓይን ብቻ ይሰወራል። በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ዝምድና ከምሳሌ በሚማሩ ነርቫዊ መረቦች ለመገመት እ.ኤ.አ. ከ2018 ገደማ ወዲህ ብዙ ምርምር ተደርጓል፤ በዕለታዊ አገልግሎት ላይ ግን የቀድሞው ሂስቶግራም አሁንም ዋነኛ እንደሆነ ነው።

ለሙከራ

ኮምፒውተር የሚያገኝ አንባቢ ፖስትግሬስን ጭኖ የሚከተለውን ይሞክር። ሁለት ዓምዶች ያሉት፣ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ይፍጠር። የመጀመሪያው ዓምድ ከ0 እስከ 99 በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ይሁን፤ ሁለተኛው ያው ቁጥር ለ10 ተካፍሎ ቀሪው የተጣለለት ይሁን። ለ37 የሚጻፈው 3 ነው ማለት ነው። «አናላይዝ» ካለ በኋላ «መጀመሪያው 37፣ ሁለተኛው 3» የሚለውን ጥያቄ ከፊቱ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ጨምሮ ይጠይቅ። ማሽኑ ግምቱንና እውነቱን ጎን ለጎን ያሳየዋል፦ ግምቱ ወደ 1,000፣ እውነቱ ወደ 10,000። ቀጥሎ «መጀመሪያው 37፣ ሁለተኛው 5» ብሎ ይጠይቅ፤ ግምቱ አሁንም ወደ 1,000 ሲሆን እውነቱ 0 ነው።

አሁን የጥገኝነት ስታቲስቲክስ ብቻ ይፍጠርና «አናላይዝ» ብሎ ሁለቱንም ይድገም። የመጀመሪያው ግምት ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ግን ከበፊቱ ይብሳል። ለምን እንደባሰ ከላይ በተሰጠው ቀመር ያስረዳ። በመጨረሻም የጥምረቶች ዝርዝር ስታቲስቲክስ ይጨምርና ሁለቱም ግምቶች ሲቀኑ ይመልከት፤ ጥምረቶቹ 100 ብቻ ስለሆኑ ዝርዝሩ ሁሉንም ይይዛቸዋል። የመጀመሪያው ዓምድ ከ0 እስከ 99,999 ቢሆንና ሁለተኛው ለ10,000 ተካፍሎ ቢገኝ ዝርዝሩ ምን ይዞ ምን ይተዋል?